ከፋሲካ በኋላ የተጻፉት ደብዳቤዎች

ሹቫይ የቀሚሷን እጅጌ ለሦስተኛ ጊዜ ተረተረችው።

ሰባት ዓመት ሙሉ በሙታሬ ከተማ፣ በሳኩብቫ ገበያ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ እጇ ስቶ አያውቅም። አሁን ግን የቀኙን እጅጌ በግራው ትከሻ ላይ ሰፍታ፣ ተርትራ፣ መልሳ እዚያው ላይ ሰፋችው። ቀሚሱ ደግሞ የደንበኛ አይደለም፤ የራሷ ነው። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ፣ የጋሪካይ ወገኖች ጥሎሽ ይዘው ሲመጡ የምትለብሰው።

ጭንቅላቷ ውስጥ ወፍጮ የተተከለ ይመስላታል። ከፋሲካ ወዲህ በሕልሟ የማታውቃቸው ሰዎች ሲያሳድዷት ያድራሉ፣ ስትነቃም ድምፃቸው ከጆሮዋ አይወጣም። ቀን ቀን መሬቱ ከእግሯ ሥር ይከዳታል። ለማንም አልተናገረችም። ሙሽራ ልትሆን ሁለት ቀን የቀራት ሴት «አእምሮዬ እየከዳኝ ነው» ብላ ለማን ታወራለች?

እኩለ ቀን ላይ ከቺማኒማኒ ተራሮች የሚመጣው አውቶቡስ ሹፌር እንደ ልማዱ ከገበያው በር ቆሞ የጋሪካይን ደብዳቤ ላከላት።

ጋሪካይ የደን ባለሙያ ነው። የሚሠራበት ተራራ ላይ ስልክ ስለማይሠራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተፋቀሩት በአውቶቡስ በሚመላለስ ወረቀት ነው። የተዋወቁት ለሠራተኞቹ ቱታ ሊያሰፋ መጥቶ ነው። እሱ የጡረተኛዋ ርእሰ መምህርት ብቸኛ ልጅ ነው፤ ሙራምቢ ኮረብታ ላይ፣ የአበባ አጥር ባለው ቤት ያደገ። እሷ ከኮረብታው ግርጌ፣ አራት ቤተሰብ ከአንድ ቧንቧ በሚቀዳበት ሰፈር። ገና እንደተዋወቁ ለትዳር ሲጠይቃት ቁርጡን ነገረችው፦ በደሟ ውስጥ ኤች አይ ቪ አለ፣ መድኃኒት ከጀመረች አምስት ዓመት አልፏታል። ይሸሻል ብላ ነበር። እሱ ግን መሬት መሬት ሲያይ ቆየና፣ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደምትወስድ ጠየቃት። ልትጠይቀው ስትመጣ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ ላይ እንዳትሆን ብሎ ነው። ሹቫይ ያን ዕለት ቤቷ ገብታ ትራሷን ነክሳ አለቀሰች። በኋላም አብረው ክሊኒክ ሄደው ምክር ተቀበሉ። የእሱ ወገኖች ግን፣ እናቱም ጭምር፣ አልሰሙም፤ እሱም «ቀን ጠብቄ ለእናቴ እነግራታለሁ» እያለ ሁለት ዓመት አለፈ።

ያ ሁሉ ችግር አልፎ ዘንድሮ ነገር ሁሉ ቀንቷት ነበር። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ክሊኒኩ ጠዋትና ማታ ትወስደው የነበረውን መድኃኒት ማታ ማታ በሚዋጥ አንድ እንክብል ቀየረላት። ለሠርጌ የተሰጠኝ ስጦታ ነው ብላ ከነርሷ ከሲስተር ንሃሞ ጋር ተሳስቀው ነበር።

ደብዳቤውን ከፈተችው። ስለ ጭጋጉ ጽፏል፣ ስለ ጥድ ችግኞቹ፣ ለቅዳሜ ስለተበደረው ኮት። መጨረሻው ላይ «አዲሷ የችግኝ ባለሙያ ስለ ሠርጋችን ስነግራት ደስ ብሏት ሳቀች» ይላል።

ሳቀች። ሹቫይ ከዚያች ቃል ወዲያ ማለፍ አቃታት። ለምን ሳቀች? በማን ላይ? እንደገና አነበበችው፤ እንደገናም። ባነበበችው ቁጥር ሳቁ እየቀረበ መጣና ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ሆነ። ዘወር ብላ አየች፤ ማንም የለም። ከደንበኞች መዝገብ ላይ ወረቀት ቀደደች። «የምትስቅብኝን ሴት አግባት። እኔን ከመጀመሪያውም አልወደድከኝም፤ አሁን ገብቶኛል» ብላ ጽፋ፣ ሹፌሩ ሳይነሣ ሮጣ ሰጠችው። ስትመለስ እንባዋ ይወርድ ነበር። የሚያስለቅሳትን ግን ብትጠየቅ አታውቀውም።

ቅዳሜ የአባቷ ወንድም በትንሿ ሳሎን ተሰየመ። የጋሪካይ አማላጅና ሁለት አጎቶቹ ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ጋሪካይ በወጉ መሠረት ውጭ፣ መኪና አጠገብ ቆሞ እስኪጠራ ይጠብቃል። ደብዳቤዋ ዓርብ ደርሶታል፤ የሙሽራ ድንጋጤ ነው ብሎ ኪሱ ከቶት መጥቷል።

ጨዋታው ደርቶ ነበር። አማላጁ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ያመጡትን የጥሎሽ ገንዘብ በሳህን አስቀምጦ ሴቶቹን ሲያስቅ ቆየ። በመጨረሻ ልጅቱ ትጠራ ተባለ። ሹቫይ ገብታ ተንበረከከች። አጎቷ በወጉ ጠየቃት፦

«ልጄ፣ እነዚህን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ? ያመጡትን እንቀበል?»

«አላውቃቸውም» አለች።

ሴቶቹ ሳቁ፤ ብዙ ሙሽራ እንዲህ ትቀልዳለች። ሳቁ ግን ሹቫይ ጆሮ ውስጥ ሌላ ነገር ሆኖ ገባ። ተነሥታ ቆመች።

«የላካችሁ ሰው ጫካ ውስጥ ሴት አለችው። አብረው ይስቁብኛል። ደሜ ውስጥ ኤች አይ ቪ እንዳለ ነግሯችኋል? አልነገራችሁም አይደል? አያችሁ፤ እናንተም የመጣችሁት ልትስቁብኝ ነው።»

እናቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አማላጁ ያን ሁሉ ቀልዱን ረስቶ ሳህኑን ቀስ ብሎ አነሣ፤ አጎቶቹ ጫማቸውን ሳያስሩ ወጡ።

ሹቫይም ተከትላቸው ወጣች። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ጋሪካይ ሁሉንም ሰምቷል። በተበደረው ኮት፣ እጆቹን ወደ ታች ጥሎ ቆሟል። አያት ብቻ። ዓይኑ ውስጥ ድንጋጤ ነበር፣ ልመናም ነበር። እሷ ግን ያየችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጋሪካይ አፍሮባታል። መኪናው ከሰፈሩ እስኪወጣ ድረስ ያ እይታ ደረቷን እንደ መርፌ ወጋት።

ከዚያ በኋላ ሳኩብቫ የሚያወራው ሌላ ወሬ አልነበረም። ሰኞ ስድስት እናቶች መጥተው ያልተሰፋ ጨርቃቸውን ወሰዱ። አንዷ ጨርቁን በጣቶቿ ጫፍ ይዛ ነው የሄደችው። የጋሪካይ ወገኖች በሹቫይ ቤተሰብ ላይ የደም ካሳ የሚጠይቅ መንፈስ አለ አሉ፤ ተገድሎ ሳይካስ የቀረ ሰው ልጅቱን ይዟታል።

እናቷ ነጭ ልብስ የሚለብሱ የአንድ ነቢይ ተከታዮች ወደሚጸልዩበት ኮረብታ ይዛት ወጣች። ነቢዩ በሹቫይ ራስ ላይ እጁን ጭኖ ብዙ ከጮኸ በኋላ፣ ያ እንክብል የመንፈሱ መቀመጫ ነውና ጣሉት አለ። እናቷ የክኒኑን ጠርሙስ ደበቀችው። ይሁን እንጂ ሁለት ቀን እንኳ አልቆየችም፤ አውጥታ መልሳ አስቀመጠችው። ባሏን የቀበረችው መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ነው። ያ ትልቅ ሰው በመጨረሻ ቀኑ እንደ ሕፃን በክንዷ ሲታቀፍ ምን ያህል ቀልሏት እንደነበር አትረሳም። «ሞትን አውቀዋለሁ፤ እብደቱን አብረን እንችለዋለን» አለቻት ለልጇ።

ሹቫይ ግን መቻሉ አልታያትም። ብትውጠው አእምሮዋ ይሄዳል፣ ብትተወው ነፍሷ። በሁለቱ መካከል የቆመችበት ቦታ በየቀኑ እየጠበበ መጣ። አንድ ረቡዕ ጠዋት ተነሥታ፣ ቤቱን ጠርጋ፣ የስፌት መኪናዋን ተሸክማ ለጎረቤቷ ለታሪሮ እናት፣ ለማይ ታሪሮ፣ ሰጠቻት። መቀሱንም፣ ክሩንም። «ከእንግዲህ አያስፈልገኝም» አለች በጣም በለሰለሰ ድምፅ።

እናቷ ይህን ስትሰማ ምን ማለት እንደሆነ ገባት። ማይ ታሪሮን ከልጇ አጠገብ አስቀምጣ፣ ለአፍታም እንዳትለያት አስምላ፣ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች አውቶቡስ ተሳፈረች። በሕይወቷ ቺማኒማኒ ሄዳ አታውቅም። ሹቫይ ያን ቀን ግድግዳውን እያየች ዋለች። እናቷን ለምን ያህል ጊዜ እንደምታስለቅስ ታሰላ ነበር፤ ያ ብቻ ነበር ገና የሚያሳዝናት።

ጋሪካይ በማግሥቱ ከእናቷ ጋር መጣ። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። በብብቱ የጫማ ካርቶን ይዟል።

«ወደ እብድ ቤት ልትወስደኝ ነው የመጣኸው» አለችው ሹቫይ ከአልጋዋ ሳትነሣ።

ጋሪካይ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ካርቶኑን ከፈተና ሁለት ዓመት ሙሉ የጻፈችለትን ደብዳቤዎች አንድ በአንድ በቀናቸው መደርደር ጀመረ። ስድሳ አንድ ነበሩ። ከበሩ ተነሥተው አልጋው እግር ደረሱ። ከሽማግሌዎቹ ቀን በኋላ፣ ጫካ ተመልሶ፣ በጎጆው ውስጥ እንዲሁ ደርድሯቸው እንደነበር ነገራት።

«መቼ እንደጠላሽኝ ላውቅ ፈልጌ ነው» አለ። «ቀኑን ባውቀው ይወጣልኛል ብዬ። እይ፤ ይሄ የሆሳዕና ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ ስፌትሽ። ስለ ጎረቤትሽ ዶሮ ቀልደሽልኛል። ይሄ ደግሞ ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው። መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ፊደሉ ተበታትኗል፣ አንዱን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፈሽዋል። ከዚህ በኋላ የመጡት ሁሉ እንዲህ ናቸው። ሹቫይ፣ ሰው ፍቅሩ ሲያልቅ የእጅ ጽሑፉ አይታመምም። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ምን ሆነሽ ነበር?»

ሹቫይ ወረቀቶቹን አየች። የራሷን እጅ አላወቀችውም። የፋሲካውን ሰሞን ለማስታወስ ብዙ ደከመች፤ ሐሳቧ እንደ ረጠበ ሳሙና ያመልጣት ነበር። በሩ ላይ የቆመችው እናቷ ናት ቀድማ ያገኘችው።

«ክኒኑ» አለች። «ክኒኑ የተቀየረው ያኔ ነው።»

ክሊኒክ ይዘዋት ሲሄዱ ሲስተር ንሃሞ አልሳቀችባቸውም። ደብዳቤዎቹን ዘርግታ አየች፤ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ መልሳ አየች። ብዙ ሰው ይህን እንክብል ውጦ ደህና እንደሚያድር፣ ጥቂቱ ግን እንደማይችለው ነገረቻቸው። ሀራሬ ውስጥ የደምን ዘረመል መርምረው ማን የትኛውን መድኃኒት፣ በምን ያህል መጠን መውሰድ እንዳለበት የሚያጠኑ ሐኪሞች አሉ። ደብዳቤ ጻፈችላቸው። ሹቫይንም እጇን ይዛ፣ ሐኪም ሳያይሽ በራስሽ እንዳታቋርጪ ብላ ለመነቻት፤ ከነገ ጀምሮም በየቀኑ ክሊኒክ መጥታ እንድትታይ አዘዘች።

ሹቫይ ግን ሀራሬ አልሄድም አለች። ወጥመድ ነው ብላ አመነች። ያኔ ጋሪካይ ዝቅ ብሎ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«እንድትወጂኝ አይደለም የመጣሁት» አላት። «ደምሽ ታይቶ፣ አእምሮሽ ተመልሶልሽ፣ ያኔም ሂድልኝ ካልሽኝ እሄዳለሁ። ግን በራስሽ አፍ በይው። አሁን የምትናገሪው ማን እንደሆነ አላውቅም።»

እሷም አታውቅም ነበር። ለዚህ ነው የተነሣችው። ስላመነችው አይደለም፤ ያን ጥያቄ ከእሷ ሌላ የሚፈራው ሰው በማግኘቷ ነው።

ሀራሬ ላይ ደሟ ተቀዳ። ውጤቱ ዘጠኝ ቀን ይፈጃል ተባለ። እናቷ ከዘመድ ቤት አብራት ተቀመጠች። ጋሪካይ ፈቃዱ አልቆ ወደ ጫካው ተመለሰ። እነዚያ ዘጠኝ ቀናት ከሁሉ የከፉ ነበሩ። ሹቫይ የምትፈራው ምርመራው በሽታ እንዳያገኝባት አልነበረም፤ ምንም ሳያገኝባት እንዳይቀር ነበር። ምንም ካልተገኘ ያ ሁሉ ክፋት የራሷ ነው ማለት ነው።

በአሥረኛው ቀን ወጣቷ ሐኪም ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ነገሩን በቀላል ቃል አስረዳቻቸው። መድኃኒቱን ጉበት ሰባብሮ ያስወግደዋል። በብዙ ሰው ዘንድ የዛሬው እስከ ነገ ድረስ ይቀልላል። ሹቫይ የተወለደችው ግን ይህን ሥራ እጅግ ቀስ ብሎ በሚሠራ ጉበት ነው፤ የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬው ይጨመርበታል። በደሟ ውስጥ የተገኘው ከሚገባው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

«መርዝ አልሰጡሽም» አለቻት ሐኪሟ። «ለሌላው ልክ የሆነው ላንቺ በዝቶብሽ ነው። ከእናትሽም ከአባትሽም እኩል የወረስሽው ነው።»

እናቷ «ከእኔም?» አለች። ሐኪሟ አዎ አለቻት፤ ጥፋት ግን አይደለም፣ እንደ ዓይን ቀለም ያለ ነገር ነው። እናቷ ራሷን ነቀነቀች። ከባሏ የቀረላትን ውርስ ሁሉ ጨርሳ የምታውቅ ይመስላት ነበር።

አንዱ እንክብል ቀርቶ መድኃኒቶቹ ተለያይተው ተሰጧት፤ የዚያ የጎዳት መድኃኒት መጠን ወደ ሲሶ ወረደ። በየሳምንቱም ክሊኒክ እንድትታይ ተባለ። ሹቫይ ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው። በአውቶቡሱ መስኮት የተሰበሰበውን የበቆሎ ማሳ እያየች ሙታሬ እስክትደርስ ድረስ ወረቀቱን በልብሷ ላይ ትዳስስ ነበር፤ የተሰማት ደስታ ይሁን ሐዘን ለይታ አላወቀችውም።

በአምስተኛው ሳምንት ወፍጮው ቆመ። አንድ ጠዋት ስትነቃ የሰማችው የጎረቤት ዶሮ ብቻ ነበር። ማይ ታሪሮ የስፌት መኪናውን ዘይት ቀብታ መለሰችላት።

ነገር ግን አእምሮ ሲመለስ ብቻውን አይመለስም፤ ትዝታውን አስከትሎ ነው። ሹቫይ በሳሎኑ የተናገረችውን ቃል በቃል ታስታውሳለች። ጋሪካይ በየሐሙሱ አጭር ደብዳቤ ይልክላታል፤ ስለ ችግኝ፣ ስለ ብርድ። መልስ አይጠይቅም። እሷም ወረቀት ፊቷ ዘርግታ «ውድ ጋሪካይ» ከሚለው ማለፍ ያቅታታል። በየትኛው አፏ ይቅርታ ትጠይቀው?

በዚህ መሐል አንድ ማክሰኞ ማይ ጋሪካይ፣ እናቱ፣ ወደ ስፌት ቤቷ መጡ። ጓንት አድርገዋል፤ ዣንጥላቸውን አጥፈው በሩ አጠገብ ቆሙ። ሹቫይ ተንበርክካ እጇን አጨብጭባ በወጉ ሰላምታ ሰጠቻቸው። እሳቸውም በጨዋ ደንብ መለሱ።

«ልጄ፣ መዳንሽን ሰምቻለሁ። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኛል» አሉ። «የደምሽ ነገር በእኔ በኩል ያው ነው፤ አንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ እፈራለሁ። ለማታለል አልመጣሁም። ግን ሳታውቂው እንድትገቢ የማልፈልገው ነገር አለ። ያን ቅዳሜ ከእናንተ ቤት ወጥቶ በቀጥታ እኔ ዘንድ መጣ። ‹እግዚአብሔር አተረፈኝ› አለኝ። እሱ ይህን ያለው ክኒን ውጦ አይደለም።»

ሹቫይ መሬቱ እንደገና የከዳት መሰላት። «እርስዎ ምን አሉት?»

«አሜን አልኩ» አሉ ማይ ጋሪካይ። ድምፃቸው ትንሽ ሻከረ። ዣንጥላቸውን አንሥተው ወጡ። ሹቫይ እስከ ምሽት አንድም መስመር አልሰፋችም። ልቧ ውስጥ አንድ የቀረ ንጹሕ ነገር ነበር፣ እሱም ጋሪካይ ነበር።

ጋሪካይ ቅዳሜ መጣ። ገና ከበሩ ሳያልፍ ጠየቀችው።

«‹እግዚአብሔር አተረፈኝ› ብለሃል?»

ሊክድ ይችል ነበር፤ እሷም ለአንድ አፍታ እንዲክድ ተመኘች።

«ብያለሁ።»

«ተናድደህ ነው?» መውጫ በር እየከፈተችለት ነበር።

«አይደለም» አለ። «ተገላግዬ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ቀለለኝ። እናቴን እንዴት አድርጌ እነግራታለሁ እያልኩ ሁለት ዓመት ተሸክሜው የኖርኩት ፍርሃት ወረደልኝ። ሰው ሲጠይቀኝ ‹እሷ ናት እምቢ ያለችው› እል ነበር፤ ጥፋቱ ያንቺ በመሆኑ ደስ ብሎኝ። በአራተኛው ቀን ነው ደብዳቤዎቹን ያወጣሁት። አንቺ ለተናገርሽው ሐኪሟ ወረቀት ሰጥታሻለች። እኔ ለተናገርኩት ምንም የለኝም። ጤነኛ ነበርኩ።»

ከሹቫይ ሆድ የሆነ ነገር ተነሣ። ትኩስ ነበር። ደረቷ ጋ ደረሰ፣ ጉንጯ ጋ ደረሰ። መጀመሪያ ደነገጠች፤ በሽታው የተመለሰባት መሰላት። እጇን አየች፤ አልተንቀጠቀጠም። ጆሮዋን አዳመጠች፤ የሚስቅ የለም። ፊት ለፊቷ አንድ ሰው ቆሟል፣ የወደደችው ሰው፣ እሷ በምትሰምጥበት ሰዓት የቀለለው። ቁጣው አድራሻ ነበረው። ከየት እንደመጣ፣ በማን ላይ እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ ታውቀዋለች።

«ውጣ» አለችው።

«ሹቫይ…»

«ውጣልኝ አልኩህ። ሀራሬ የወሰድከኝ አንተ ነህ፤ አልረሳውም። ዛሬ ግን ልምርህ አልችልም። ደግሞ አልፈልግም። ይህን የምልህ እኔ ነኝ፤ ሰማኸኝ? እኔ ነኝ።»

ጋሪካይ ዓይኖቹ እንባ ሞሉ። «ሰምቻለሁ» አለ፤ ከድምፁ ሥር ግን ሐዘን ብቻ ሳይሆን፣ እሷን ራሷን መልሶ የሰማ ሰው ደስታም ነበረበት። ወደ በሩ ዞረ። ደፉን ሊያልፍ ሲል ጠራችው።

«እነዚያን ሦስት ቀናት ጻፍልኝ» አለችው። «አንዱንም ሳታስቀር። ምን እንደበላህ፣ ለማን ምን እንዳልክ፣ በየትኛው ሰዓት እንደቀለለህ። ሐሙስ ይድረሰኝ። አንብቤ እናደድብሃለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔም አላውቀውም። ሂድ አሁን፣ አውቶቡሱ ያመልጥሃል።»

ሄደ። ሹቫይ በሩን ዘግታ ጀርባዋን ሰጠችው። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ በእሱ ተናድዳ፣ ወድዳው፣ ለጠፉት ወራት አዝና። ስታለቅስ ግን ለምን እንደምታለቅስ ታውቅ ነበር።